ሰባኪው ቃየን ሆስፒታል አልሄደም

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ሆይት ሳይዝሞር ትልቁን ድስት ጓሮ ባለው የጋዝ ምድጃ ላይ ይጥዳል፤ ጥሬውን ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ይጨምራል፤ ጨው በእፍኙ ይነሰንስበታል። ከዚያ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮው ላይ ይሰካል። ግራው አይሰማም። ድሮ በሬስሊንግ ትግል ዘመኑ አንድ የሜሪዲያን ከተማ ታጋይ በሚታጠፍ ወንበር መትቶት ነው። ሰውዬው ሊጎዳው ፈልጎ አልነበረም፤ ወንበሩ እጁ ላይ ዞሮበት በጠርዙ አረፈ። ሆይት ይህን ባወራ ቁጥር ለሰውዬው ይከራከርለታል።

ኦቾሎኒው እስኪበስል አራት ሰዓት ይፈጃል። በየሳምንቱ በስልኩ የሚከታተለው ፖድካስት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ ይሰማዋል ማለት ነው።

"ስብከትህ ተጀመረ?" ትለዋለች ሚስቱ ጄኒቫ በወጥ ቤቱ መስኮት።

"ዛሬ ኦክላሆማ ናቸው።"

"ባለፈው ሳምንትም ኦክላሆማ ነበሩ።"

"ኦክላሆማ ሰፊ አገር ነው።"

ፖድካስቱን የሚያዘጋጁት ጋረትና ኮልቢ የሚባሉ ሁለት የአትላንታ ሰዎች ናቸው። አርባ ዓመት አልሞላቸውም፤ የሚያወሩለት ነገር ሁሉ ያለቀው እነሱ ሳይወለዱ ነው። ግን ያውቃሉ። ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ሰዎች ሁሉንም ጠቅልለው ሳይውጡት በፊት፣ የሬስሊንግ ትርዒት እንደ አጥቢያ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱ አዘጋጅ፣ የራሱ ደግ፣ የራሱ ክፉ የነበረው ጊዜ፤ ማን ከማን ጋር በየትኛው አዳራሽ እንደታገለ፣ የሻምፒዮናውን ቀበቶ ማን ከማን እንደወሰደ፣ ሆይት ራሱ የረሳውን ሁሉ ያውቃሉ። የሜምፊስን ታሪክ ጨረሱ፤ የካሮላይናን፣ የፍሎሪዳን፣ የካንሳስን ጨረሱ። ሆይት ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሳያልፈው ሰማ። ታሪኩን ወዶ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ከአላባማ ደቡብ እስከ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ወደምትደርሰው ወደ እነ ሆይት ትንሽ አጥቢያ መምጣታቸው አይቀርም። ሲመጡ ስለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያወራሉ። ያን ቅዳሜ የድሮ ባልንጀራው ዋይሊ ታርቨር እንዴት አድርጎ እንደሚተርከው፣ ሆይት ለምን ሊጠይቀው ሆስፒታል እንዳልሄደ ዋይሊ ይወቅ አይወቅ፣ መስማት የፈለገው ያንን ነበር።

ዛሬ ሰው ሆይትን የሚያውቀው ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ቅቅል ኦቾሎኒ የሚሸጥ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው፣ ድምፁ የማይሰማ ሽማግሌ አድርጎ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቱ ግን በትግል ስሙ ሰባኪው ቃየን ነበር። ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ብብቱ ሥር ጥቁር መጽሐፍ። የመጽሐፉ ገጾች ባዶ ነበሩ፤ እናቱ እውነተኛውን ቅዱስ መጽሐፍ ይዞ በገመድ የታጠረው ሪንግ ላይ እንዳይወጣ አስምላው ነበር። ይህን የሚያውቁት እናቱና ዋይሊ ብቻ ናቸው። ሰባኪው ገመዱን ተደግፎ መጽሐፉን ይገልጥና፣ "ንስሐ ግቡ፤ ካልገባችሁ እኔ አስገባችኋለሁ" ይላል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የማይጠፉ እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በባርኔጣ መርፌ ጭኑን ይወጉት ነበር።

ዋይሊ ደጉ ነበር። ፀጉሩ እንደ ስንዴ ነዶ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚያሞቅ፤ ልጆች እግሩ ሥር የሚንጋጉለት ወርቃማው ዋይሊ። ትግሉን የተማሩት አንድ የድርቆሽ መጋዘን ውስጥ፣ አንድ ፍራሽ ላይ፣ በአንድ ሽማግሌ እጅ ነው። ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ኖረዋል። ከዚያ አዘጋጁ ሚስተር ስትሪክላንድ አንዱን ክፉ፣ አንዱን ደግ አደረጋቸውና ያ ሁሉ ቀረ። ክፉና ደግ አንድ ላይ አይታዩም። አንድ መኪና አይሳፈሩም፤ አንድ ገበታ አይቀርቡም፤ መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ ይገላመጣሉ። ሕዝቡ ጠቡን ካላመነ አዳራሽ አይመጣም። ጠቡ ትርዒት የመሆኑ ምስጢር ለሚስት አይነገርም፤ ለልጅ አይነገርም፤ ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

እነሱ ግን መላ ነበራቸው። ዋይሊ ከከተማ ወጣ ብሎ የጥጥ መዳመጫው ጀርባ መኪናውን ያቆማል፤ ሆይት ከኋላ ወንበር ወለሉ ላይ ተጋድሞ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ዋይሊ ደግሞ ሆን ብሎ ነዳጅ ማደያ ይቆምና ከአድናቂዎቹ ጋር ወግ ይጀምራል።

"ያ ሰይጣን ሰባኪ አሁን የት ይሆን?" ይሉታል።

"ቅርብ ሳይሆን አይቀርም" ይላል ዋይሊ፤ "ይሸተኛል።"

ሆይት ብርድ ልብሱ ሥር በላብ ተዘፍቆ ሳቁን ለማፈን ክንዱን ይነክሳል። በሕይወቱ እንደዚያ የሳቀበት ጊዜ የለም። ጄኒቫንም ቢሆን፣ ትወቀውም አትወቀው፣ እንደዚያ ስቆላት አያውቅም።

ሪንግ ላይ ቋንቋቸው እጅ ነበር። አንዱ ሌላውን አንስቶ ከጣለ በኋላ ሰው በማያይበት በኩል እጁን ጨመቅ ያደርገዋል፦ ደህና ነህ? ሌላው መልሶ ጨመቅ ያደርጋል፦ ደህና ነኝ፣ ቀጥል። ሁሉም ታጋይ ይህን ያደርጋል። የማያደርግ ካለ ከእሱ ጋር የሚታገል አይገኝም።

ያ ቅዳሜ ነሐሴ ነበር። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ሰዉ በፕሮግራም ወረቀት ራሱን ያራግባል። ሆይት ዋይሊን ዘቅዝቆ አነሳው፤ ጭንቅላቱን በጭኖቹ መሃል አደረገ፤ ቁጭ ለማለት ዘለለ። ሁለት መቶ ጊዜ ያደረጉት ነገር ነው። የዋይሊ ጭንቅላት ከሆይት ጭን በላይ እንደቆየ መውረድ አለበት፤ ወለሉን አይነካም። ያን ቀን ላቡ እንደ ሳሙና ነበር። ክንዱ አዳለጠው። የሰማው ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ ያንስ ነበር።

እጁን ያዘና ጨመቅ አደረገው። ምንም የለም። ደግሞ ጨመቅ አደረገው።

ከዚያ ተነሳ፤ አንድ እግሩን ዋይሊ ደረት ላይ ሳይጫን አኖረ፤ ባዶውን መጽሐፍ ገለጠ፤ ሰበከ። ክፉ ሰው ተንበርክኮ ካለቀሰ አለቀ፤ የአርባ ታጋይ እንጀራ እዚያው ላይ አለቀ። ሰዉ የወረቀት ኩባያ እየወረወረ ሲጮህበት ሰባኪው ድምፁን ከፍ አደረገ። ምን እንዳለ ዛሬ አያስታውስም። ዋይሊ ዓይኑን ገልጦ ቆርቆሮውን ያይ እንደነበር ግን ያስታውሳል።

"እዚያ ሆስፒታል ደጃፍ ብትታይ፣" አለው ሚስተር ስትሪክላንድ በማግስቱ፣ "ዋይሊ አንገቱ የተሰበረው በከንቱ ነው። ገባህ? ቴሌቪዥን ትቀርብና ሆን ብዬ ነው ትላለህ።"

ቀረበ። ሆን ብዬ ነው አለ። ስድስት ሳምንት አዳራሹ ሞልቶ ሰው ከውጭ ቀረ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ድረስ ሄዶ ነበር። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። የዋይሊ ሚስት ሕፃን ልጇን ታቅፋ በሁለተኛው ፎቅ መስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። የሕፃኗን ጀርባ ቸብ ቸብ ታደርጋለች። ሆይት አንድ ሰዓት ያህል ቆየና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ነገ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ነገ ደግሞ ሞንትጎመሪ ትርዒት ነበረው። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ዓመት፣ ዓመቱ አርባ ሦስት ዓመት ሆነ። ምስጢሩ ከአገሩ ሁሉ ላይ ከተገፈፈ፣ ሚስተር ስትሪክላንድ ከሞተ፣ አዳራሹ ፈርሶ የጎማ መደብር ከሆነ በኋላም ሆይት አልሄደም። መጀመሪያ ያልሄደው ተከልክሎ ነው። በኋላ ያልሄደው ስላልሄደ ነው።

በግንቦት ወር ፖድካስቱ ወደ ባሕረ ሰላጤው መጣ። በአራተኛው ማክሰኞ ጋረት፣ "ዛሬ ከእኛ ጋር ያለው ሰው እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሮ አያውቅም" ሲል፣ ሆይት ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀው። ጄኒቫን ጠራት። ማዳመጫውን ነቅሎ ስልኩን የጋዝ ሲሊንደሩ ላይ አቆመው።

የዋይሊ ድምፅ ቀጥኗል፤ ሳቁ ግን ውስጡ አለ።

"ሚስተር ዋይሊ፣ እስቲ ስለዚያ ቅዳሜ ይንገሩን" አለ ጋረት።

"ምን እነግራችኋለሁ። ሰባኪው ሊገድለኝ ፈልጎ ነበር፤ አልተሳካለትም።"

ጋረትና ኮልቢ ሳቁ። "አሁን እኮ ሁሉም ያውቃል፣ ጌታዬ" አለ ኮልቢ። "አደጋ ነበር አይደል?"

"አንተ እዚያ ነበርክ?"

"አይ፣ እኔ እንኳ..."

"እኔ ነበርኩ። ሆን ብሎ ነው።"

 ከዚያ ዋይሊ ሳይጠይቁት ቀጠለ። "አሥራ ዘጠኝ ቀን እዚያ ሆስፒታል ተኛሁ። አልጋዬ በሩ ፊት ለፊት ነበር። ብዙ ሰው መጣ። ከንቲባውም ኮፍያውን አውልቆ መጣ። እኔ በሩን ሳይ ነበር።"

"ማንን እየጠበቁ?"

"ማንንም። አንገትህ ከታሰረ ሌላ የምታየው የለም።"

ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ጄኒቫ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ስልኩን ታያለች። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ ኋላ ወንበር ላይ ማን እንዳለቀሰ ዞር ሳትል ታውቃለች።

"ሰውዬው ሲጠብቅህ ነበር" አለች።

"ማንንም አለ እኮ።"

"ሆይት፣ የሚሰማ ጆሮህ አንድ ነው። እኔ ሁለት አለኝ።"

"ሆን ብሎ ነው አለ። ሰምተሻል።"

"እና? አንተስ በቴሌቪዥን ምን ነበር ያልከው?"

ሆይት ማማሰያውን ከድስቱ ለማውጣት ጎንበስ አለ፤ ጣቱን አቃጠለው። ዋይሊ የትርዒት ሥራውን እየሠራ ይሆን፣ ወይስ ከልቡ ነው? ምስጢሩን ከሁለቱ በላይ የጠበቀ ሰው በዚህ ዳርቻ አልነበረም። ያንን ሁሉ ጊዜ ስንጥቅ ያላሳየ ሰው፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?

በፕሮግራሙ መጨረሻ ኮልቢ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፔንሳኮላ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ክበብ አድማጮች ባሉበት እንደሚቀርጹ፣ ዋይሊም እንደሚገኝ ተናገረ።

"ትሄዳለህ" አለች ጄኒቫ።

"ሄጄ ምን እለዋለሁ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። አጭር አድርገው። ስታስረዝም ትጠፋለህ።"

አራት ቀን ድስቱ ላይ ሆኖ ተለማመደው። "ዋይሊ፣ ክንዴ አዳልጦኝ ነው። መጥቼ ነበር፤ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥቼ ነበር።" ለኦቾሎኒው ተናገረው። ጥርሱን እየፋቀ ተናገረው። ቅዳሜ ጠዋት ጄኒቫ ሰማያዊ ሸሚዝ ተኮሰችለት።

"ጥቁር እንዳትለብስ" አለችው። "ኮፍያም እንዳታደርግ። ሆይትን ነው ማየት ያለበት።"

ክበቡ ውስጥ ሰማንያ ያህል ሰው ነበር፤ አብዛኛው ሽበታም፣ አንዳንዱ በከዘራ። ጠረጴዛዎች ላይ አሮጌ ፎቶግራፎችና የተቀደደ ፖስተር ተዘርግቷል። ከፊት ከፍ ያለው መድረክ ላይ ጋረትና ኮልቢ፣ በመሃላቸው ዋይሊ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል። ፀጉሩ ጠፍቷል። እጆቹ ጭኖቹ ላይ ተዘርግተዋል፤ ሌላ ሰው አስተካክሎ ያኖራቸው ይመስላል። ከኋላው ልጁ ዳርሊን ቆማለች። ያኔ በመስኮቱ የታየችው ሕፃን እሷ ነበረች።

የሆይት ሐሳብ ከኋላ ተቀምጦ ሰዉ ሲበተን ቀስ ብሎ መጠጋት ነበር። አምስት እርምጃ አልሄደም። መተላለፊያው ዳር የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ቀና ብሎ አየው፤ አፉን ከፈተ፤ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ።

"ሰባኪው ነው" አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ዝግ ብሎ።

ከዚያ አዳራሹ እንደ ድሮው ኡኡ አለበት። በጥላቻ አልነበረም፤ የጠፋ ልጅነቱን ድንገት እንዳገኘ ሰው ነበር የሚጮኹት። አንዲት አሮጊት እያለቀሰች ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ኡኡ ትላለች። ሆይትም ጀርባው ሲቀና ተሰማው። አላዘዘውም። አገጩ ወጣ፤ ጉልበቱ ሕመሙን ረሳ፤ እርምጃው ረዘመ። ሰማያዊውን ሸሚዝ የለበሰው ሰው ወደ ኋላ ቀረ።

"ማነው ይህን እባብ ያስገባው?" አለ ዋይሊ በማይክሮፎኑ።

ሰዉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ሆይት የዋይሊን ዓይን ፈለገ። ዓይኑ ምንም አልነገረውም። ዱሮም አይነግርም ነበር፤ ትልቅ ታጋይ ያሰኘው ይኸው ነው።

መድረኩ ላይ ወጣ። ኮልቢ ፊቱ በደስታ ቀልቶ ማይክሮፎን አስጨበጠው። ዓረፍተ ነገሩ ምላሱ ላይ ነበር። "ዋይሊ" አለ። ድምፁ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ወፍሮ፣ ተጎትቶ ተመለሰለት፤ የሰባኪው ድምፅ ነበር። ሰማንያ ሰው እስትንፋሱን ዋጠ። ያንን ዝምታ ያውቀዋል። አርባ ዓመት አልሰማውም ነበር። ዝምታው የሚጠብቀውን ካልሰጡት ይሞታል፤ ሆይትም አፉን ሲከፍት የተለማመደው ቀርቶ ሌላው ወጣ።

"ዋይሊ ታርቨር፣ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ንስሐህን ስጠብቅ ኖሬአለሁ።"

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ።

"ለማን? ላንተ?" አለ ዋይሊ። "አንተ ባዶ መጽሐፍ ይዘህ የምትዞር ሌባ።"

ሰዉ ስድብ መስሎት ሳቀ። የሆይት ግን የክንዱ ፀጉር ቆመ፤ የመጽሐፉን ባዶነት ከእናቱ ሌላ የሚያውቀው ዋይሊ ብቻ ነበር። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እንደሚያስፈራራ ሰው ዋይሊ ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ያዘ። ዋይሊ ሳሙናና የመድኃኒት ቅባት ይሸታል። አፉን ጆሮው ላይ አደረገ።

"ዋይሊ፣ ያን ቀን እኔ..."

"ጮክ በል" አለ ዋይሊ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። "ኋላ ያሉት አይሰሙም።"

ሆይት እጁን ጨመቅ አደረገው። ቆየ። ሰዉ ይጮኻል፣ ኮልቢ "ይለያዩ፣ ይለያዩ" ይላል፣ አንድ ሰው የወረቀት ኩባያ ወርውሮ ትከሻውን መታው። ደግሞ ጨመቅ አደረገው። እጁ ሞቃት ነበር፤ እንደ ሞቀ ጓንት። መልስ አልነበረውም።

ቀና አለ። ክፉ ሰው ከሪንግ የሚወጣው ጡጫውን አንስቶ፣ ሰዉን እየገላመጠ ነው። እንደዚያው ወጣ።

ከክበቡ ጀርባ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀ። ጄኒቫ ከፒካፑ ውስጥ ሆና አየችው፤ አልወረደችም። ብዙ ቆይቶ ዳርሊን አባቷን እየገፋች መጣች፤ በወንበር ማንሻው ቫኑ ውስጥ አስገባችው፤ በሩን ዘጋችው። ሆይት ጠጋ አለ።

"ሚስተር ሆይት፣ እባክዎ መንገዱን ይልቀቁልኝ።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ ልጄ፣ አንድ ቃል ልንገረው።"

"እንቅልፍ ወስዶታል። እንዲህ ያለ ቀን ሳምንት ነው የሚያደክመው።"

በመስታወቱ ውስጥ ዋይሊ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ወድቋል። ተኝቶ ይሁን ሳይተኛ አይታወቅም።

"እጁን ጨብጬው ነበር" አለ ሆይት። "ሳይመልስልኝ ቀረ።"

"እጁን?" ዳርሊን ዞረች። "አባቴ እኮ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክርኑ በታች አይሰማውም። እሳት ቢነካው አያውቅም። ምድጃ ላይ ስንቴ ጣቱን አቃጥሏል። አያውቁም ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ከየት ያውቃሉ።" በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቁልፏን ከቦርሳዋ ትፈልጋለች።

"ሆን ብዬ አልነበረም፣ ልጄ። ክንዴ አዳልጦኝ ነው። መጥቼም ነበር፤ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥቼ ነበር። እናትሽ መስኮቱ ላይ አንቺን ታቅፋ..."

ዳርሊን ቁልፏን ይዛ ቆመች። ዓይኗ የአባቷ ነው።

"ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩት" አለች። "ሆን ብሎ ነው ይለኛል። እናቴ ልትሞት ስትል፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ እውነቱን ንገረኝ አለችው። ሆን ብሎ ነው አላት። ዛሬ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሁለታችሁንም አየኋችሁ።" ቁልፏን መዳፏ ላይ አገላበጠች። "ይሄ አሁን የሚሉኝስ? ይሄም ትርዒቱ ነው?"

"አይደለም።"

"እሱም እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚመልስልኝ።"

"እባክሽ ንገሪልኝ።"

"ሰባኪው እንዲህ አለኝ ብዬ? ይስቅብኛል።" በሩን ከፍታ ገባች። "ሁለተኛ አይምጡበት፣ ሚስተር ሆይት። እሱ ይወደዋል፤ ማታውን ግን ታጥቦ የሚገለበጠው በእኔ እጅ ነው።"

ወደ ቤታቸው ወደ ዶታን ሲመለሱ ጄኒቫ አርባ ማይል ያህል ነድታ ጠየቀችው።

"አልከው?"

"አልኩት መሰለኝ። በእጄ።"

"በእጅህ ምን ማለት ነው?"

ሆይት መዳፉን ገልብጦ አየ። እሷም ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ሰኞ ጠዋት ጋረት ደወለ። ሆይት ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ ጓሮ ቆሞ አዳመጠው።

"ሚስተር ሆይት፣ በሦስት ዓመት እንደዚህ ያለ አልቀረጽንም። ሰው እያለቀሰ ነው የሚጽፍልን።"

"እውነቱን ልናገር እፈልጋለሁ" አለ ሆይት። "ፖድካስታችሁ ላይ። አደጋ ነበር። መጥቼም ነበር።"

ጋረት ሳቀ፤ የፍቅር ሳቅ ነበር። "አያልቅብዎትም እኮ። ግን ይተዉት፣ ጌታዬ፤ እንዲህ ሲያልቅ ነው የሚያምረው። ሚስተር ዋይሊም እንደሱ ነው ያሉት።"

"ዋይሊ? ምን አለ?"

"ትናንት ማታ ደውዬላቸው ነበር። 'ሰባኪው አሁንም ችሎታው አለው፤ ንገረው' አሉኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። ሰላም እደሩ አሉ።"

ማክሰኞ ድስቱን ጣደ። ኦቾሎኒውን ጨመረ፤ ጨዉን ነሰነሰ፤ ማዳመጫውን ሰካ። ከአንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ የራሱ ድምፅ ንስሐህን ስጠብቅ ኖሬአለሁ ሲል ሰማ። የዋይሊን መልስ ሰማ። ከዚያ ስምንት ሴኮንድ ያህል ኡኡታ፣ ሳቅና የኮልቢ "ይለያዩ" ብቻ ነው። በዚያ ስምንት ሴኮንድ ውስጥ የዋይሊ እጅ እጁ ውስጥ ነበር። ወደ ኋላ መለሰው። አንዲት ሴት ስትስል ይሰማል፤ ኩባያው ትከሻውን ሲመታው ይሰማል። ጮክ በል የሚለው እንኳ አልገባም፤ ማይክሮፎኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ደግሞ መለሰው። ከስምንቱ ሴኮንድ በኋላ ኮልቢ የፍራሽ ማስታወቂያ አነበበ፤ የባሕረ ሰላጤው ታሪክ በዚሁ እንደተጠናቀቀና ከዚህ በኋላ ወደ ኦሬገን እንደሚሻገሩ ተናገረ።

ሆይት መለሰው። ጄኒቫ መጥታ ምድጃውን አጠፋችው። ውኃው አልቆ የታችኛው ኦቾሎኒ አርሮ ነበር።

ከላይ ያለውን ለይተው ከረጢት ሞልተው ወደ መንገዱ ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ የጆርጂያ ታርጋ ያለው መኪና ቆመ። አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ወርዶ ትልቁን ከረጢት ጠየቀ፤ እየተቀበለ ሆይትን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ሰባኪው ቃየን አይደሉም? ጠዋት መኪና ውስጥ ስሰማዎት ነው የመጣሁት።" ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። አባቴ ነው ያመጣኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስንከራከር ኖርን። እስቲ ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ ሆን ብለው ነው፣ አይደል?"

ጄኒቫ ጥላው ሥር የሰውዬውን መልስ ገንዘብ እየቆጠረች ነበር። እጇ ቆመ።

ሆይት ሰውዬውን አየው። ሰውዬው አርባ ሦስት ዓመት የጠበቀውን ሊሰማ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

"ሆን ብዬ ነው" አለ ሆይት።

ሰውዬው ፊቱ በራ። እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠው፤ ሆይትም መልሶ ጨመቅ አደረገለት።